ደመወዙ የአንድ፥ ገበታው የዘጠኝ

«ግብር» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሕዝብ ለመንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጥንት ጌታ ድንኳን አስተክሎ፥ ሠንጋ አሳርዶ፥ ጠጅ አስቀድቶ ለሠራዊቱና ለባላገሩ የሚያበላው ግብዣ ነው። «ግብር ገበረ» ስንል ከፈለ ማለታችን ነው፤ «ግብር በላ» ስንል ግን ተጋበዘ ማለታችን ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት በቃል እጥረት አይመስለንም። የሚገብር ሰው አንድ ቀን ደግሞ ከገበታው ይቀርባል የሚል አሳብ ነበራቸው ብንል ከእውነት የራቅን አንሆንም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው እኛ አራት ነን። አራታችንም የቶንጎ ልጆች ነን። ቶንጎ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአሶሳ በስተ ደቡብ ያለች፥ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በግቢያችን ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ «ከወዴት ናችሁ?» ሲሉን «ከአሶሳ» ብለን እናሳጥራለን። ዛሬ ግን አናሳጥርም። ልንናገር ያሰብነው ነገር ከዚያች ከተማና በውስጧ ካለች አንዲት ገበታ የሚነሣ ነውና።

ያች ገበታ የአጎታችን ናት። አጎታችን መምህር ነው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንለዋለን። ከአራታችን ሁለቱ የእኅቱ ልጆች ነን፤ አንዱ የወንድሙ ልጅ ነው፤ አራተኛው ግን ዘመዱ ሳይሆን ከገጠር ለትምህርት የመጣ የወዳጁ ልጅ ነው። ጋሼ ሚስት አለችው፤ የራሱ ሦስት ልጆች አሉት። እንግዲህ እኛ ስንማር በዚያ ቤት ማታ ማታ ከገንፎው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ዘጠኝ ነበር። አሁን እኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ብንመጣም ቦታችን ባዶ አልቀረም። የእኛ ፍራሽ ሳይቀዘቅዝ ሌሎች አራት ልጆች ተተክተውበታል። ቍጥሩ ዛሬም ዘጠኝ ነው።

አዲሱ የደመወዝ ግብር ቅናሽ ከወጣ በኋላ ለዕረፍት ወደ ቶንጎ ሄድን። እኛ አንድ ሁለት የኢኮኖሚክስ ኮርስ ስለወሰድን የተማርን መስሎን ነበር። ጋሼን ገና ከመሳማችን «እንኳን ደስ ያለዎ! መንግሥት ግብሩን ቀነሰልዎ» አልነው። ጋሼ ምንም አልመለሰም። ከመጻሕፍቱ መካከል የታጠፈች ወረቀት አወጣና ከፊታችን ዘረጋት። የደመወዙ ዝርዝር ነበረች። «እስቲ አንብቡልኝ፤ በዚህች ወረቀት ላይ ያለው ሰው ማነው?» አለን። ስሙን አነበብንለት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አይደለሁም፤ ይህ ሰው ወንደላጤ ነው» አለን።

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። በዚያች ሌሊት ከመተኛታችን በፊት ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን ብንሠራ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ተረዳን።

የጋሼን ትክክለኛ ደመወዝ በአደባባይ መግለጽ ነውር ስለሆነ ለምሳሌ ያህል 10,000 ብር ነው እንበል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979 መሠረት ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ከ10 በመቶ ጀምሮ እስከ 35 በመቶ ድረስ በደረጃ ይገበርበት ነበር። በዚያ ስሌት 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በወር 2,045 ብር ይገብራል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቍጥር 1395 ግን ነፃውን መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ። ከዚያ በላይ ላለው 15፥ 20፥ 25፥ 30 እና 35 በመቶ የሚሉ ደረጃዎችን አቆመ። በአዲሱ ስሌት ያው ሠራተኛ የሚገብረው 1,650 ብር ነው። ስለዚህ 395 ብር ተቀንሶለታል። ይህን መካድ አይገባም፤ በቶንጎ ገበያ 395 ብር ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሌላ የጡረታ መዋጮ አለ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ከ10,000 ብር 7 በመቶው 700 ብር ነው። ግብሩና መዋጮው ሲቀነሱ በእጅ የሚገባው 7,650 ብር ይሆናል።

እንግዲህ በዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር፥ በዚያው ደመወዝ የተቀጠረ አንድ ወጣት መምህር አለ። ያላገባ ነው፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን ይኖራል። የእሱም ግብር 1,650 ብር ነው። የእሱም መዋጮ 700 ብር ነው። በእጁ የሚገባውም 7,650 ብር ነው። ወጣቱ ገንዘቡን ለአንድ አፍ ሲያውለው፥ ጋሼ ለዘጠኝ አፍ ያካፍለዋል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 850 ብር ነው፤ በቀን ሲታሰብ 28 ብር ገደማ። በዚህ ውስጥ ምግብ፥ ሳሙና፥ ደብተር፥ ጫማ፥ መድኃኒት ሁሉ አለ። ወጣቱ መምህር ተንደላቆ ይኖራል ማለታችን አይደለም፤ እሱም የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል፤ ምናልባትም ለእናቱ ይልካል። የምንለው ሕጉ ሁለቱን ሰዎች አንድ ሰው አድርጎ ያያቸዋል ነው። የደመወዝ ግብር ሠንጠረዣችን ብርን ይቈጥራል እንጂ አፍን አይቈጥርም። ለሚስት፥ ለልጅ፥ ለሽማግሌ እናት ወይም አባት ተብሎ የሚቀነስ አንዲት መስመር የለችበትም። ለልጅ ተብሎ በየወሩ ከመንግሥት የሚከፈል አበልም የለም።

ታዲያ ልጅን የሚቈጥር ግብር በአገራችን የለም ወይ? አለ። እሱ ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። መጠኑ 15 በመቶ ነው። ያልተፈበረኩ የምግብ እህሎችና ሌሎች አንዳንድ ነገሮች ነፃ መሆናቸው መልካም ነው። ነገር ግን በሳሙናው፥ በልብሱ፥ በጫማው፥ በጣራው ቆርቆሮ ዋጋ ውስጥ ታክሱ ተሰውሮ ይመጣል። የቶንጎ ሱቅ ደረሰኝ ባይሰጥም፥ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲነሣ የተከፈለው ሁሉ በዋጋው ላይ ተጭኖ ይደርሳል። አንድ ሳሙና የሚጨርስ ቤት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ዘጠኝ የሚጨርስ ቤት ዘጠኝ ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ መንግሥት ሲቀበል ልጆቻችንን ይቈጥራቸዋል፤ ሲምር ግን አይቈጥራቸውም።

ጋሼ ይህን ስንነግረው ዝም ብሎ ሰማን። በማግስቱ ከጎረቤት ወደሚኖሩ አንዲት ሴት ቤት ወሰደን። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። እትዬ ቡና አፈሉልን። ጋሼም «ለልጆቹ የጡረታውን ነገር ንገሯቸው» አላቸው። እሳቸውም እንዲህ ብለው አወጉን። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ደመወዛቸውን የሚያውቅ እንጂ ልጆቻቸውን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ባረፉ ጊዜ ግን ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ የእያንዳንዱ ስም፥ የተወለደበት ቀን፥ ማስረጃው ሁሉ ተፈለገ። የአንዱ ልጅ የልደት ማስረጃ ባለመገኘቱ እትዬ ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም፤ ችግሩ የአንድ ጸሐፊ ክፋት ሳይሆን የቈየ ልማድ ነውና።

ወደ ግቢያችን ከተመለስን በኋላ ሕጉን አየነው። በጡረታ ሕጋችን የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው ከጡረታው 50 በመቶ ያገኛል። ዕድሜው 18 ያልሞላው እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ሟቹ ይረዳቸው የነበሩ እናትና አባትም እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ። ይህ መልካም ሕግ ነው። ቤተሰብ ምን እንደ ሆነ ያወቀ ሰው የጻፈው ነው። ሚስትን ያውቃል፤ ልጅን ያውቃል፤ የአገራችን ሰው አባትና እናቱን እንደሚጦር እንኳ ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ከአእምሯችን አልወጣ አለ። መንግሥት የሠራተኛውን ቤተሰብ የሚያውቀው ሠራተኛው ሲሞት ብቻ ስለምን ሆነ? በሕይወት ሳለ ወንደላጤ የነበረው ሰው በሞቱ ቀን ባለ ትዳርና ባለ ልጆች ይሆናል ማለት ነው። ያው ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ ይበላ አልነበረምን?

አንባቢ «ድሀ አገር ሌላ ምን ታድርግ?» ይል ይሆናል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን በአገራችን ረድኤት በሰው ቍጥር የሚለካባቸው ሌሎች ቦታዎች እንዳሉ ስናስብ አፋችን ተያዘ። አንደኛውን በልጅነታችን በዓይናችን አይተነዋል። በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት በተነሣው ጦርነት የተሰደዱ ወገኖች በ2004 ዓ.ም. ወደ አካባቢያችን በመጡ ጊዜ፥ በቶንጎ የስደተኞች ካምፕ ተቋቋመ። በእያንዳንዱ ቤተሰብ ካርድ ላይ የቤተሰቡ ቍጥር ተጽፎ ነበር። እህሉም፥ ዘይቱም በነፍስ ወከፍ ይሰፈር ነበር። ሕፃን ከተወለደ ካርዱ ላይ ይገባል። እኛ የከተማው ልጆች ያን ጊዜ ቀንተን ነበር፤ አሁን ስናስበው እናፍራለን። ቤቱና አገሩ በእሳት የነደደበትን ሰው በአንድ ጣሳ ዘይት አይቀኑበትም። በጥር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው በተነሣ ውጊያ ካምፑ ራሱ ተዘርፎ ተቃጠለ፤ ሰዎቹም ዳግመኛ ተሰደዱ። የምናነሣው ለማነጻጸር ሳይሆን ለትምህርት ነው። በቶንጎ የእያንዳንዱን ቤተሰብ አፍ ቈጥሮ ማካፈል አይቻልም የሚለን ቢኖር፥ ለዓመታት ሲደረግ በዓይናችን አይተናል እንለዋለን።

ሁለተኛው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነው። ይህ በ1997 ዓ.ም. በገጠር ተጀመረ። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በእርከን፥ በመንገድ፥ በኩሬ ሥራ ተሰማርቶ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። ድርሻው በቤተሰቡ ቍጥር ይታሰባል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከከባድ ሥራ ወጥታ ያለ ሥራ ትረዳለች። ክልላችን ግን በዚህ በገጠሩ መርሐ ግብር አልታቀፈም ነበር። በኋላ የከተማው ሴፍቲኔት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ አሶሳ ሆነች። ቶንጎ ግን አሶሳ አይደለችም። ስለዚህ ጋሼ ለሴፍቲኔት ደመወዝተኛ ነው፤ ለግብሩ ወንደላጤ ነው፤ ለጡረታው ገና አልሞተም። በየትኛውም መዝገብ ላይ ዘጠኝ ሆኖ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ስለ ሠራተኛ ሴቶች ጥቂት ማለት አለብን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። ለአባትም 3 ቀን ተፈቅዷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው ከሁላችን የተሰበሰበ የጋራ ገንዘብ ሳይሆን አሠሪው ብቻውን ነው። እንግዲህ ሁለት አመልካቾች፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ በእኩል ውጤት ቢቀርቡለት ሒሰበኛ አሠሪ ወደ ማን እንደሚያዘነብል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በመጪው ዓመት የምትመረቁ እኅቶቻችን ይህን አስቡበት። በእርሻ ላይ፥ በገበያ ላይ፥ ወርቅ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ያለችው የቶንጎ እናት ደግሞ አሠሪም የላት፥ ፈቃድም የላት። አርብ ወልዳ ከሳምንታት በኋላ ልጇን አዝላ ወደ ሥራዋ ነው።

አገራችን ግብርን በምን ስትለካ እንደ ኖረች ወደ ኋላ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቤንሻንጉል ወደ ምኒልክ መንግሥት ስትጠቃለል፥ የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰንና ሌሎቹ የአካባቢው ገዦች ወርቅ ይገብሩ ነበር። ወርቁን የሚያጥበው ግን ገዡ ሳይሆን ከወንዝ ዳር የሚውለው ድሀ ነበር። በወርቅም አላበቃም፤ የማኦና የኮሞ ወላጆች ልጆቻቸውን ለባሪያ ፈንጋይ ያጡበት ዘመን ነው። ግብሩን የከፈሉ አያቶቻችን ከግብሩ ገበታ አልቀረቡም። በኋላ የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ አስገበረ። ያን ጊዜ የተቈጠረው ጋሻ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ደግሞ ምርቱ ተቈጠረ፤ የጎጃም ገበሬም ተነሣ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ መሬቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ታላቅ ነበር። ወርቅ፥ ጋሻ፥ ምርት፥ ደመወዝ፥ ሁሉም በየዘመኑ ተቈጥሯል። በገበታው ዙሪያ የተቀመጠው ሕፃን ግን እስካሁን ተራው አልደረሰም።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉ? በእንግሊዝ አገር ኤሊነር ራዝቦን የተባለች የምክር ቤት አባል የቤተሰብ አበል እንዲሰጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከረች። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲረቀቅ አበሉ ለአባት ይሰጥ ተብሎ ነበር። እሷ ግን ለእናት ካልሆነ አይሆንም ብላ ታገለችና ረታች። ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ለእያንዳንዱ በሳምንት 5 ሺሊንግ ሆነ። ሴትዮዋ የመጀመሪያው ክፍያ ከመፈጸሙ ከጥቂት ወራት በፊት ዐረፈች። «እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉን፤ ያን ጊዜ እንግሊዝ ከጦርነት ወጥታ በዕዳ ተዘፍቃ፥ ምግብ በካርድ የምታድል አገር ነበረች። በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ለድሀ ልጆች በወር 100 ራንድ መስጠት ጀመረች። መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን እስከ 18 ዓመት ደረሰ። በትንሹ ተጀመረ፤ አደገ።

ይህን አሳብ በመኝታ ክፍላችን ስናቀርብ ጓደኞቻችን በሦስት ነገር ተከራከሩን። ክርክራቸው ቀላል ስላልሆነ እንመልሳለን።

የመጀመሪያው «ለልጅ ገንዘብ ከተሰጠ ሰው ያለ ልክ ይወልዳል» የሚል ነው። እኛ ግን ጋሼ እኛን ያሳደገን አበል ፈልጎ እንዳልሆነ እናውቃለን። በገበታው ዙሪያ ካሉት ልጆች አራቱ እሱና ሚስቱ የወለዷቸው አይደሉም። በአገራችን የገበታ ዙሪያ የሚሰፋው በመውለድ ብቻ ሳይሆን በመቀበል ጭምር ነው። ሥጋቱ ካለም በሦስት ወይም በአራት ልጅ መወሰን ይቻላል።

ሁለተኛው «ማን ይቈጥራል? ሰው ይዋሻል» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው እኛ አብዛኞቻችን የልደት ቀናችንን ያገኘነው ትምህርት ቤት ስንመዘገብ ከመዝጋቢው አፍ ነው። በቶንጎ ገጠር ዛሬም በቤቷ የምትወልድ እናት ብዙ ናት። ስለዚህ ከአበል በፊት መዝገብ ይቅደም ብንባል እንስማማለን። የልደት ምስክር ወረቀት የከተማ ሰው ጌጥ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ እትዬን ያመላለሳቸው የእሱ መጥፋት ነው።

ሦስተኛው «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። የአገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላ ምርታችን 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ የደመወዝተኛው ግብር ከመነሻው ስለሚቈረጥ ሊሰውረው አይችልም፤ ነጋዴው ግን ብልሃት አለው። ሸክሙን የተሸከመው ደመወዝተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ በትንሹ እንሞክረው። ከጋሼ ደመወዝ ላይ ግብር ከመታሰቡ በፊት ለአንድ ልጅ 500 ብር፥ ለአራት ልጅ 2,000 ብር ይቀነስለት እንበል። ግብሩ ከ1,650 ወደ 1,150 ብር ይወርዳል። 500 ብር ተረፈ ማለት ነው።

ይህን ስሌት ይዘን ለጋሼ በስልክ ደወልንለት። ደስ ይለዋል ብለን ነበር። እሱ ግን «ደመወዝ የሌለውስ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አጣን። እውነት ነው፤ የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው የደመወዝ ግብር ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው። ማሽላ የሚዘራው የአራተኛችን አባት ለመሬቱ ይከፍላል እንጂ የደመወዝ ሠንጠረዥ አይነካውም፤ ቅናሹም አይደርሰውም። ወርቅ የምታጥበዋ እናትም እንዲሁ። ስለዚህ ጽሑፋችንን እንደገና ቀደድነው። የዚያኑ ያህል ገንዘብ በቅናሽ መልክ ለደመወዝተኛው ከመተው ይልቅ፥ ትንሽም ብትሆን በልጅ ቍጥር ለእናት በእጇ ብትሰጥ ገበሬውንም መምህሩንም በአንድ ዓይን ታያለች። ኤሊነር ራዝቦን የታገለችለት ነገር ይህ እንደ ነበር የገባን ያን ጊዜ ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ አበው። በዚህ አባባል ብዙ ድሀ ተጽናንቷል። እኛ ግን ያደግነው በዕድላችን አይደለም፤ በጋሼ ደመወዝ ነው። ዕድል የሚባለው በየወሩ መጨረሻ ከተቈረጠችው ወረቀት ላይ፥ ጋሼ ለራሱ ጫማ ሊገዛበት ከሚችለው ገንዘብ ላይ ሲነሣ አይተነዋል። አንድ ዓመት ሙሉ በተሰፋ ጫማ ሲያስተምር፥ ከእኛ አንዱ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። የአገራችን የቤተሰብ አበል መሥሪያ ቤት አለው ከተባለ፥ መሥሪያ ቤቱ ጋሼ ነው። ሠራተኛውም እሱ፥ ገንዘብ ያዡም እሱ፥ በጀቱም እሱ። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ እኅት፥ አጎት፥ አክስት፥ ታላቅ ወንድም። በዚህ ግቢ ከምንመገብ ተማሪዎች ስንቶቻችን ነን በእንዲህ ያለ ሰው ትከሻ ያልመጣን?

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ሊሆን ነው። በዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ከተመረቅን በኋላ ስለምናገኘው ደመወዝ ስናወራ፥ ከመካከላችን አንዱ «እኔ ግን ቶሎ ስልኬን እቀይራለሁ፤ ያለዚያ ዘመድ አያኖረኝም» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አራታችንም ሳቅን። ማን እንደ ተናገረው አንጽፍም፤ በልባችን ያላሰበው አልነበረምና። ያ አሳብ ከክፋት ብቻ የመጣ አይመስለንም። የአገርን ሸክም በአንድ ሰው ደመወዝ ላይ ብቻውን የጫነ ሥርዓት፥ አንዱን ጋሼ ያደርገዋል፤ ሌላውን ደግሞ ሸሺ ያደርገዋል። ሁለቱም ግን ያንኑ ግብር ይከፍላሉ። ሕጉ በጋሼና በሸሺው መካከል ያለውን ልዩነት አያይም።

የመጨረሻውን ቀን ሳንጽፍ አንለፍ። ወደ አሶሳ የሚሄደውን መኪና ስንጠብቅ ጋሼ ከእኛ ጋር በማንጎው ጥላ ተቀምጦ ነበር። ስለ ጡረታው ሕግ ያወጋነውን አስታውሶ «እንግዲህ እኔ ስሞት ልጆቼ ይቈጠራሉ ማለት ነው» አለ። «አዎን፥ ጋሼ፤ ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ» አልነው። «እናንተስ?» አለን። ተያየን። የእኅት ልጅ፥ የወንድም ልጅ፥ የወዳጅ ልጅ በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። «እኛ አንቈጠርም» አልነው። ጋሼ ፈገግ ብሎ «እንኳን አልተቈጠራችሁ። የተቈጠረ ልጅ ይካፈላል፤ ያልተቈጠረ ልጅ ይከፍላል» አለን። ከዚያ መኪናው መጣ።

እኛም በዚህ መጽሔት በኩል የተማሪዎች ማኅበራችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ግብርና ስለ ቤተሰብ አበል የክርክር ምሽት ይዘጋጅልን። የሕግ ተማሪዎች የጡረታውን አዋጅ ይዘው ይምጡ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ ያሳዩን። አይሆንም የሚሉም ይምጡ፤ ከእነሱ ብዙ እንማራለን። እኛ አራታችን ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ጀምረናል። አንዲት ደብተር ገዝተን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጋሼ ገበታ ዙሪያ ዛሬ የሚቀመጡትን የዘጠኙን ሰዎች ስም ጽፈናል። በሁለተኛው ገጽ ላይ አራታችን ስንመረቅ ከየደመወዛችን የምናዋጣው ይጻፋል። ገጹ ለጊዜው ባዶ ነው።